ሻንጣ ውስጥ የቀረ ዝናብ

ደብረ ማርቆስ፣ የትርንጎ ካሰኝ የሬዲዮና ቴሌቪዥን መጠገኛ ቤት፤ ረቡዕ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ጡረተኛው የዝናብ መዝጋቢ አቶ ይስማው ሻንጣ የሚያህል አሮጌ ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ከጠጋኟ ጋር ይጨቃጨቃሉ።

ይስማው፦ ሶኬቱን ብቻ ስኪልኝ ነው ያልኩሽ። የቀረውን እኔ አውቃለሁ።

ትርንጎ፦ አልሰካም።

ይስማው፦ ሶኬት ለመሰካት ደግሞ ምን ዕውቀት ይጠይቃል?

ትርንጎ፦ ምንም አይጠይቅ። ለዚህ እኮ ነው ያገኘው ሁሉ እየሰካ ቤቱን የሚያቃጥለው። መነጽርዎን ያድርጉና እዚህ ላይ ያንብቡ። ምን ይላል?

ይስማው፦ መቶ አሥር።

ትርንጎ፦ ግድግዳዬ ላይ ያለው ሁለት መቶ ሃያ ነው። ጡት ለሚጠባ ሕፃን አረቄ ጋቺው ነው የሚሉኝ?

ይስማው፦ ያኔ ይሠራ ነበር። መቀየሪያ ሣጥን ነበረው።

ትርንጎ፦ የት አለ?

ይስማው፦ ከባድ ነገር ስለነበረ ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረው፣ በሩ እንዳይዘጋ ታስደግፍበት ነበር። ኋላ በሩም ተቀየረ፣ እሱም ጠፋ።

ትርንጎ፦ እንግዲያው እኔም አልሰካም።

ይስማው፦ አንዴ ሞክሪው። ቢቃጠልም የኔ ነው።

ትርንጎ፦ ለነገሩ መብራትም የለም። ከጠዋት ጀምሮ ሄዷል።

ይስማው፦ መብራት ሳይኖር ነው ይህን ሁሉ ያከራከርሽኝ?

ትርንጎ፦ የማይሰካ ነገር መብራት ኖረም አልኖረም አይሰካም። ደግሞስ ሠላሳ ሰባት ዓመት በዚህ በር ሲያልፉ ፊትዎን ወደ ማዶ አዙረው ነው። ዛሬ ምን ፀሐይ ወጣና መጡ?

ይስማው፦ መጀመሪያማ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ኮምፒውተር ቤት ወስጄው ነበር። ልጁ አገላብጦ አየና ‹አባቴ፣ የስፌት መኪና ነው?› አለኝ። ስከፍትለት ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳ፤ እኔን ከነሣጥኔ። ከዚያ የዩኤስቢ ቀዳዳው የት ነው አለ። የለውም ስለው ሃይማኖቴን የካድኩ ያህል ደነገጠ።

ትርንጎ፦ እናም ወደኔ ላከዎት።

ይስማው፦ ‹በረዶ ካላነሳችው ማንም አያነሳው› አለኝ።

ትርንጎ፦ ማን ካላነሳችው?

ይስማው፦ ትርንጎ ካላነሳችው።

ትርንጎ፦ ቀድሞ ያሉትን ሰምቻለሁ። ይህን ስም ማን እንዳወጣልኝ ያውቃሉ?

ይስማው፦ አማትሽ ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ።

ትርንጎ፦ ያወጡትስ አማቴ ናቸው፤ ያስወጡት እርስዎ ነዎት። አባቴ ለሠርጌ ሸራ ተከራይቶ ዳሱ ላይ ሊያለብስ ገመድ ሲያስር፣ እርስዎ በመንገድ ሲያልፉ ቆም ብለው ‹አቶ ካሰኝ፣ በከንቱ አይድከሙ፤ እስከ ማክሰኞ ጠብታ የለም› አሉት። የመንግሥት የሰማይ ሠራተኛ ተናግሮ ማን ይከራከራል? ሸራው ወርዶ ለሌላ ሠርግ ተሰጠ። በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሚዜዎቹ እየጨፈሩ ሳለ በረዶው ወረደ። ቅጠሉ ዳስ እንደ ወንፊት ሆነ። ወጡ ሾርባ፣ ጠላው ውኃ። አርባ የወንድ ወገን ሽማግሌ በረት ገብቶ ከላሞቹ ጋር ተፋጦ ዋለ። አማቴ ነጭ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ እግራቸው እበት ውስጥ እንዳለ አዩኝና ‹ልጄ ሚስት አገባ ብዬ፣ ለካ በረዶ ነው ያመጣው› አሉ። ያን ዕለት ሠርገኛው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ትርንጎ መባሌን የሚያውቀው መታወቂያዬ ብቻ ነው።

ይስማው፦ ጣቢያው ላይ ግን አልዘነበም።

ትርንጎ፦ ይኸው። ሠላሳ ሰባት ዓመት በሰው በሰው ሲደርሰኝ የኖረው ይቺ ናት።

ይስማው፦ እውነቱ ነዋ። መለኪያው ኮረብታው ላይ ነው። አንዲት ጠብታ አልያዘም።

ትርንጎ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ ጋሽ ይስማው። ሣጥንዎን ይያዙና በሰላም ይሂዱ።

ይስማው፦ የትም አልሄድም። የምሄድበትም የለኝ። ነገ ከሰዓት በኋላ ህሊና የምትባል ባለሙያ ከባሕር ዳር ትመጣለች። የጣቢያውን የሃምሳ ዓመት መዝገብ በመጽሐፍ ሊያወጡት ነው። ከሰባ ስምንት እስከ ሰማንያ ሦስት ባለው ቦታ ላይ ምን ብለው እንደጻፉ ታውቂያለሽ? ‹አልተመዘገበም›። ዘንቦ፣ እኔ ለክቼ፣ አልተመዘገበም። ያን ጊዜ ጣቢያው ላይ የነበረው ሰው አንድ ብቻ ነው። አልተመዘገበም ማለት ይስማው ተኝቶ ደመወዝ በላ ማለት ነው።

ትርንጎ፦ ወረቀቱስ?

ይስማው፦ በሰማንያ ሦስቱ ግርግር የቢሮው በር ተሰበረ። ወንበሩም ሄደ፣ መዝገቡም ሄደ። ሁለት ወር ሳይሞላ ገበያ ወጥቼ በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ ገዛሁ። በልቼ ስጨርስ ጥቅልሉን ፈታሁት፤ የገዛ እጄ ጽሑፍ ነው። ሐምሌ ሰባ ዘጠኝ። ሴትዮዋን ሌላ አለሽ ወይ ብላት ‹ጥሩ ወረቀት ነበር፣ አለቀ› አለችኝ።

ትርንጎ፦ የሐምሌን ዝናብ ከቆሎ ጋር በሉታ።

ይስማው፦ ሳቂ። ለህሊና በስልክ ስነግራት እሷም በትሕትና ነው የሳቀችው። ማስረጃ አለዎት ወይ አለችኝ። አለኝ አልኳት። የት ነው አለች። አልጋዬ ሥር አልኳት። ‹እሺ፣ ስመጣ ያሳዩኛል› አለችኝ።

ትርንጎ፦ ላም አለኝ በሰማይ ሆነባታ።

ይስማው፦ ወተቱ እዚህ ሣጥን ውስጥ ነው። ያኔ ለዝናብ ጥናት የመጣ ፈረንጅ ባለሙያ ሥራው ሲያልቅ ለአንተ ይሁን ብሎ ትቶልኝ ሄደ። ሳምንቱን ሙሉ በወረቀት የያዝኩትን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚህ ላይ እገለብጠው ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት መለኪያው ሥር ያልቆምኩበት ቀን የለም። እናቴ የሞተች ዕለት እንኳ ለክቼ ነው ወደ ለቅሶው የሄድኩት።

ትርንጎ፦ የዚያን ዕለት ስንት ነበር?

ይስማው፦ አሥራ አንድ ነጥብ አራት ሚሊ ሜትር።

ትርንጎ፦ ሳያስቡት ነው የነገሩኝ።

ይስማው፦ ምኑ ይታሰባል?

ትርንጎ፦ ያቺን ካቻቢቴ ያቀብሉኝ። የለም፣ ትንሿን። ዋጋዬን ግን አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ገንዘብ አልፈልግም። ከተነሳ መጀመሪያ የምንከፍተው ሚያዝያ ሰማንያን ነው።

ይስማው፦ ሚያዝያ ምን ያደርግልሻል? ክረምቱን እንክፈት። ሐምሌን፣ ነሐሴን፤ ቁጥር የጠገበ ወር።

ትርንጎ፦ ሚያዝያን።

ይስማው፦ ህሊና የምትፈልገው ክረምቱን ነው።

ትርንጎ፦ ህሊና የምትመጣው ነገ ነው። ዛሬ ያለሁት እኔ ነኝ።

ይስማው፦ እሺ። ክፈቺው።

ትርንጎ፦ ከፈትኩት። አይ ጋሽ ይስማው። በረሮ ሦስት ትውልድ አሳድጎበታል። ባትሪው ደግሞ አልቅሶ አልቅሶ እንባው ጨው ሆኗል።

ይስማው፦ ይሄ ጥቁር ማር የመሰለውስ?

ትርንጎ፦ አይንኩት፤ ከጣትዎ አይለቅም። የዲስኩ ማዞሪያ ላስቲክ ነበር። ቀልጦ ሙጫ ሆኗል።

ይስማው፦ እሱ ከየት ይገኛል?

ትርንጎ፦ ከዚህ ካሴት ማጫወቻ ሆድ። ባለቤቱ ነገ እወስደዋለሁ ብሎኝ ከሄደ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው።

ይስማው፦ ከመጣስ?

ትርንጎ፦ ከመጣ ለእርስዎ ሳጥን አካሉን ሰጥቷል እለዋለሁ። ይኸው፣ ልክክ አለ። አሁን ጀርባውን ያዙሩልኝ። እዚህ ሌላ ቀዳዳ አለው፤ አሥራ ሁለት ቮልት ይላል። እንግዲህ መቶ አሥሩንም ሁለት መቶ ሃያውንም ይርሷቸው። የጣሪያዬን የሶላር ባትሪ እናጠጣዋለን።

ይስማው፦ ጎሽ።

ትርንጎ፦ ጎሽ አይበሉ፤ ሦስት ቀን ደመና ስለነበር ግማሹን ነው የያዘው። አንድ ሰዓት ከሠራ ጥሩ ነው።

ይስማው፦ ነገ እኮ ይገለጣል።

ትርንጎ፦ ስለ ነገ አይንገሩኝ። ይልቅ ይቺን የመኪና አምፖል ይያዙልኝ። ኃይሉ መጀመሪያ በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው። ብልጭ ብላ ከደበዘዘች ሣጥኑ ጤነኛ ነው። ቦግ ብላ ከቀረች ሆዱ ውስጥ ያለቦታው የተገናኘ ነገር አለ።

ይስማው፦ ኃይሉን ስጪው።

ትርንጎ፦ ሰጠሁት።

ይስማው፦ ቦግ አለች። ጥሩ ነው አይደል? እጄንም አሞቀችኝ።

ትርንጎ፦ ጥሩ አይደለም። ነቀልኩት። ያ ያለቀሰው ባትሪ ነው የሚገባውን ሁሉ የሚጠጣው። ልቁረጠው።

ይስማው፦ ቆርጠሽው በሕይወት ይኖራል?

ትርንጎ፦ ትርፍ አንጀቱ ነው። ፒንሳውን ያቀብሉኝ። እህ፤ ወጣ። እንደገና ይያዙ።

ይስማው፦ ብልጭ አለች። ደበዘዘች። ትርንጎ፣ ደበዘዘች።

ትርንጎ፦ እንግዲህ ያለ አምፖል እንሞክረው። በስመ አብ ይበሉ።

ይስማው፦ ጮኸ። ሰማሽው? ጢ አለ። ባለቤቴ ይህን ድምፅ ስትሰማ ‹ደግሞ ጣውንቴ ተነሳች› ትል ነበር።

ትርንጎ፦ ተነስታለች፤ ዓይኗ ግን ጥሩ አይደለም። ስክሪኑ ከእኔ በኩል ነጭ ግድግዳ ነው።

ይስማው፦ ከፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው የሚታየው። ድሮም እንዲሁ ነው። ዲስክ ክተቺ ይላል።

ትርንጎ፦ ዲስኮቹን ያምጡ። ይሄ ሁሉ ሻጋታ ምንድን ነው? መጀመሪያ በአልኮል መጠረግ አለባቸው።

ይስማው፦ ቤቴ ጥሩ የማር አረቄ አለኝ።

ትርንጎ፦ ኋላ ዲስኩ ሰክሮ ነሐሴን በጥር ያዘንበዋል። የፋርማሲ አልኮል እዚህ አለኝ። ሰባ ስምንት፣ ሰባ ዘጠኝ፣ ሰማንያ አንድ፣ ሰማንያ ሁለት፣ ሰማንያ ሦስት። ሰማንያስ?

ይስማው፦ ከመሐል ጠፍቶ ይሆናል። አሮጌ ዕቃ እኮ ነው።

ትርንጎ፦ ኮትዎ ኪስ ውስጥ ያለውስ ምንድን ነው?

ይስማው፦ መድኃኒቴ ነው። የደም ግፊት።

ትርንጎ፦ አራት ማዕዘን የደም ግፊት መድኃኒት ዛሬ አየሁ።

ይስማው፦ እንኪ። ካንቺ መቼም ምንም አይደበቅም።

ትርንጎ፦ ጠርጌዋለሁ። ይክተቷት። ደብተርና እስክሪብቶ ይዣለሁ፤ ለህሊና በእጅ የተጻፈ አንድ ወር ይኑራት፣ ሣጥኑን ደግሞ በዓይኗ ታያለች። እርስዎ ያንብቡ፣ እኔ እጽፋለሁ።

ይስማው፦ ይዞራል። ይንተፋተፋል እንጂ ይዞራል። ከፈተው። ትርንጎ፣ ሁሉም አለ። ከመስከረም እስከ ጳጉሜ፣ እንደተውኩት።

ትርንጎ፦ ያልቅሱ ግን ፈጠን ይበሉ፤ ባትሪው አይጠብቀንም። ሚያዝያ አንድ።

ይስማው፦ አንድ፣ ዜሮ። ሁለት፣ ዜሮ፤ ፋሲካ ነበር። ሦስት፣ አራት ነጥብ ሁለት። አራት፣ አንድ ነጥብ ዜሮ። አምስት፣ ዜሮ።

ትርንጎ፦ ጎን ላይ የሚነበብ ነገር አለው እንዴ? ፋሲካ ነበር ያሉት።

ይስማው፦ ‹አስተያየት› የሚል ቦታ አለው። ማሽኑ የኛን ፊደል ስለማያውቅ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ነበር የምጽፈው። እሱ አያስፈልግም፣ ቁጥሩ ይበቃል። ስድስት፣ ዜሮ። ሰባት፣ ስምንት ነጥብ አምስት። ስምንት፣ ዜሮ። ዘጠኝ፣ ዜሮ። አሥር፣ ሁለት ነጥብ አንድ። አሥራ አንድ፣ ዜሮ። አሥራ ሁለት፣ ዜሮ።

ትርንጎ፦ እየጻፍኩ ነው።

ይስማው፦ አሥራ ሦስት፣ ዜሮ። አሥራ አራት፣ ዜሮ። አሥራ አምስት፣ ዜሮ። አሥራ ሰባት፣ ዜሮ። አሥራ ስምንት፣

ትርንጎ፦ አሥራ ስድስት የት ሄደ?

ይስማው፦ አላልኩም?

ትርንጎ፦ አላሉም። እሑድ ነው። ያን ቀን ከእኔ የበለጠ የሚያስታውሰው የለም።

ይስማው፦ ዜሮ ነው። ጣቢያው ላይ አልዘነበም ብዬሻለሁ። ጻፊና እንለፍ።

ትርንጎ፦ ይጠጉልኝ እስቲ።

ይስማው፦ ከዚያ በኩል አይታይሽም።

ትርንጎ፦ ለዚህ ነው ከኋላዎ የቆምኩት። በዚህ መስመር ላይ ጽሑፉ ረጅም ነው። ሌላው ቀን አንድ ቃል፣ ይሄ ግን እስከ ጥግ። ቢ፣ ኢ፣ አር፣ ኢ፣ ዲ፣ ኦ። በረዶ። ስሜ እዚህ ውስጥ ምን ይሠራል?

ይስማው፦ ያን ጊዜ ገና ስምሽ አልነበረም።

ትርንጎ፦ ያንብቡልኝ።

ይስማው፦ ትርንጎ፣ ባትሪው እንዳያልቅ።

ትርንጎ፦ ይለቅ። ያንብቡልኝ።

ይስማው፦ ‹በጣቢያው ዝናብ የለም። በታች ሰፈር በስምንት ሰዓት በረዶ ጥሏል። የአቶ ካሰኝ የሠርግ ዳስ ወድቋል። ሸራውን ያስወረድኩት እኔ ነኝ። ትንበያው በመጠኑ ስቷል። በማግስቱ ለአባትየው ልናገር ሄጄ ሳልናገር ተመለስኩ።›

ትርንጎ፦ መጥተው ነበር?

ይስማው፦ ሰኞ ጠዋት ለክቼ እንደጨረስኩ መጣሁ። አንቺ ወደ ባልሽ ቤት ሄደሻል። ምንጣፉ ሁሉ አጥር ላይ ተሰጥቷል። አባትሽ ጎንበስ ብለው የወደቀውን ቅጠል ይሰበስባሉ። አጥፍቻለሁ ልል አፌን ስከፍት ቀና አሉና ሰማዩን አይተው ‹ይስማው፣ ዛሬስ ይዘንብ ይሆን?› አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። ዞሬ ወደ ጣቢያው ተመለስኩ። እሑድ ሲደርስ እዚህ ላይ ጻፍኩት። ከዚያ ወዲህ በአንቺ በር ሳልፍ ፊቴን የማዞረው ለዚያ ነው፤ ንቄሽ መስሎሽ ነበር?

ትርንጎ፦ አባቴ እስኪሞት ድረስ ምን ይል ነበር መሰለዎት? ‹ይስማው ሳያውቅ አይናገርም፤ የዋሸው ሰማዩ ነው።› እኔ በዚህ ነበር ይበልጥ የምናደደው።

ይስማው፦ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር።

ትርንጎ፦ አሜን። ግን ጋሽ ይስማው፣ ‹በመጠኑ›?

ይስማው፦ የመመሪያው ቃል ነው። ሦስት ደረጃ ነበር፤ ትክክል፣ በመጠኑ የሳተ፣ ፈጽሞ የሳተ።

ትርንጎ፦ አርባ ሽማግሌ ከከብት ጋር ቆሞ ውሎ በመጠኑ?

ይስማው፦ ጣቢያው ላይ ጠብታ ስላልነበረ ነው።

ትርንጎ፦ ይሰርዙት።

ይስማው፦ አይሰረዝም። መዝገብ አንዴ ከተጻፈ አይነካም። ዛሬ ላንቺ ብዬ አንድ ቃል ከነካሁ፣ ነገ ህሊና የትኛውን ቁጥሬን ታምነዋለች?

ትርንጎ፦ እንግዲያው እንዳለ እጽፈዋለሁ።

ይስማው፦ አስተያየቱንም?

ትርንጎ፦ አስተያየቱንም።

ይስማው፦ ቁጥሩ ይበቃል እኮ። ልጅቷ ካነበበችው ትስቅብኛለች። ከሠላሳ ቀን መሐል የምትይዘው ይቺኑ ነው።

ትርንጎ፦ ትያዛት። ቁጥርማ ማንም ቤቱ ተቀምጦ ይደረድራል። እኔ ራሴ ዜሮ፣ ዜሮ ሲሉኝ በልቤ ማን ያውቃል እያልኩ ነበር የምጽፈው። ያመንኩዎት እዚህች መስመር ላይ ስደርስ ነው። ሊያጭበረብር የፈለገ ሰው የራሱን ጥፋት ለስድስት ዓመት መዝገብ ማጣፈጫ አያደርግም።

ይስማው፦ ስክሪኑ እየደበዘዘ ነው።

ትርንጎ፦ ባትሪው አለቀ። የቀረውን ቶሎ ይበሉልኝ።

ይስማው፦ አሥራ ስምንት፣ ዜሮ። አሥራ ዘጠኝ፣ ዜሮ። ሃያ፣ አምስት ነጥብ ሦስት። ከሃያ አንድ እስከ ሃያ ዘጠኝ ሁሉም ዜሮ። ሠላሳ፣ ሦስት ነጥብ ስምንት። ጠፋ።

ትርንጎ፦ ይጥፋ። መብራት ሲመጣ ባትሪውን እሞላዋለሁ፤ ነገ ህሊና ፊት ይነሳል። ሚያዝያ ግን ሙሉዋን እዚህ አለች። አንድ ጊዜ ላንብብልዎ፣ የሳትኩት ካለ ያርሙኝ። አሥራ ስድስት፣ ዜሮ። በታች ሰፈር በረዶ ጥሏል። ዳስ ወድቋል። ሸራውን ያስወረድኩት እኔ ነኝ። ‹ትንበያው በመጠኑ ስቷል።› ልክ ነው?

ይስማው፦ ቃሉ ልክ ነው።

ትርንጎ፦ አሥራ ሰባት፣ ዜሮ።

ይስማው፦ ቆይ። መዝገብ አይሰረዝም እንጂ ማረሚያ ይታከልበታል፤ እሱን መመሪያው ይፈቅዳል። ከግርጌው የዛሬውን ቀን አድርጊና ጻፊ፤ ‹በመጠኑ አይደለም፣ ፈጽሞ ነው።› እስክሪብቶውን አቀብዪኝ፣ እፈርምበታለሁ።